ከባልባላ፣ ስለ አየር ጠመንጃው ጉዳይ

ጅቡቲ፣ ባልባላ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሀይለየሱስ፣
ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ ፊኛ አስተኳሹ

ጋሼ፣ ሰላምታውን ቶሎ ልገላገለው። እኔ አለሁ። እርስዎም እንዳሉ ሹፌሩ ጌቾ ነግሮኛል፤ እማማ በለጡም አሉ፤ ያ ሰው የሚገላምጠው ድመትዎም አለ። ስለዚህ አራታችንም አለን ማለት ነው።

ደብዳቤዎን ጌቾ ፒካ ዱዝ፣ ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ፣ አምጥቶ ሰጠኝ። ሽንኩርት መሃል ወሽቆት ኖሮ ሳነበው ዓይኔ አነባ። ናፍቆት እንዳይመስልዎት ብዬ ነው የምነግርዎ።

«እውነት ነው ወይስ እንደ ልማድህ ነው?» ላሉት፣ እንደ ልማዴ አይደለም። ፊኛዎችዎ ውስጥ ውኃ የሞላሁት ቀልድ ነበር። የትምህርት ቤቱን ደወል ሰርቄ ፍየል አንገት ላይ ያሰርኩትም ቀልድ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረሁትም በእሱ ነው። ይሄኛው ግን እውነት ነው። እርስዎ የአሁኑን ከመግዛትዎ በፊት ከዛፉ ሥር ያስተኩሱበት የነበረውን የሚመስል የአየር ጠመንጃ እዚህ አለ። እኔም በእሱ ነው የማድረው።

ስልክ እንዳልደውል ያዘዙኝንም አልረሳሁም። ያ «ልጃችሁ እጄ ላይ ነው» ብሎ የእማማ በለጡን የአንገት ወርቅ ያሸጠ ሌባ ከደወለ ወዲህ እናንተ ቤት ስልክ እንደማይነሣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእኔንም ስልክ የመን አሻግርሃለሁ ያለኝ ደላላ ይዞት ሄደ። እሱ ተሻገረ፣ እኔ ቀረሁ። እና እንደ ጥንት ሰው በወረቀት እንጨዋወታለን።

ወደ ጠመንጃው ልምጣ። ባለቤቷ ሐዲጃ ትባላለች። የዚሁ አገር ሰው ናት፣ አማርኛዋ ግን ከእኔ ይሻላል፤ «ከሹፌር ነው የለመድኩት» ትላለች። ፀሐይ በረድ ሲል ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር፣ ጣውላ እናቆምና ፊኛ እንደረድራለን። ሰዉ ፈረንሳይኛ እያወራ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ በሶማልኛ እየተሳደበ ይሄዳል።

ጠመንጃው ሽማግሌ ነው። አይቀየሙኝና እርስዎን ይመስላል። ወገቡ ላይ ሲሰበር ይንቋቋል፣ ቀና ሲል ያቃስታል፣ ጉልበትም የለውም። ጥይቱ ከአፈሙዙ ወጥቶ እግሬ ሥር ነው የሚወድቀው። ፊኛው ቢመታም ፈቀቅ ይላል እንጂ አይፈነዳም።

እኔም ባለሙያ ነኝ ብዬ ከጌቾ መኪና የሞተር ዘይት ቀድቼ ጠብ አደረግሁበት። ጋሼ ይሙቱ! ምላጩን ስስበው የጦር ሜዳ ጠመንጃ ሆኖ ጮኸ። ጭስ ወጣው። አንድ ወፍራም ሰውዬ አይስክሬሙን እንደያዘ በደረቱ ተኛ። ሐዲጃ «ወርያ! ልታሳስረኝ ነው?» እያለች በጫማዋ እስከ መንገዱ አሳደደችኝ።

ጀንበሬ ይዞት የጠፋው ጠመንጃ ይሆን ወይ ላሉት፣ እኔ በምን ልወቀው? ልጅዎ ጠመንጃውን ይዞ ሲሄድ እኔ ገና አፍንጫዬን በእጅጌዬ የምጠርግ ነበርኩ። ሐዲጃን ብጠይቃት «ገበያ ላይ ገዛሁት» አለች። ደግሜ ብጠይቃት የምትነፋውን ፊኛ አፌ ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራት።

ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደሆነ በምን ልለየው? ጉልበቱንስ በምን ልመልስለት? ይጻፉልኝ። ስድብም ከፈለጉ ይጨምሩበት፣ ናፍቆኛል።

ራስ ምታትዎ
ሽብሩ


ድሬዳዋ
ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሽብሩ

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። የሞተር ዘይት የጨመረ እጅህን ግን ምነው በሰበረው ብዬ ነበር፤ እናትህን አስቤ ተመለስኩ።

አንተ ውርጋጥ፣ ዘይት ከፒስተኑ ፊት አይገባም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ዘይቱን ያቃጥለዋል። የጮኸልህ እሱ ነው። ሌላ ቀን ሞላውን ይሰብረውና ታርፈዋለህ። ጥይት ሳታጎርስ ምላጭ አትሳብ፤ ፒስተኑን የሚያቆመው አየር ያጣና ብረቱን ይደበድበዋል። ወጥረህ አታስቀምጠው፤ ሞላ እንደ ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ ከቆየ አይቃናም። ከላይ የሚታየውን ብረት በጨርቅ እያሸህ አጽዳ፣ የባሕር ጨው ይበላዋል።

አሁን የምልህን በጥንቃቄ አድርግ። አየሩ የሚታመቅበት ቱቦ ጀርባ ላይ ዝገቱን በስሱ አንሣና ተመልከት። የሴት ምስል ተቀርጾ ታያለህ። በአንድ እጇ ጠመንጃ ወደ ላይ ያነሣች፣ ቀስቷን እግሯ ሥር የጣለች ናት። እሷ ካለች ጀርመን ሠራሽ ነው፣ የእኔም እንደዚያ ነበር። ግን ያቺ ሴት ያለችበት ጠመንጃ በዓለም ላይ ብዙ ነው። በእሷ ብቻ አላምንም።

ሁለተኛ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ፊኛ አስተኳሽ የሆነ ሁሉ ማነጣጠሪያውን ጥቂት ያጣምማል። ቀጥ ብሎ ከተኮሰማ ሽልማቱ በአንድ ቀን ያልቃል። ሁሉም የራሱ አጣማመም አለው፣ እንደ ፊርማ ነው። የእኔ ጠመንጃ ወደ ግራ ሁለት ጣት፣ ወደ ታች አንድ ጣት ይስታል። ይህን የምናውቀው እኔና ጀንበሬ ብቻ ነን። ጠመንጃውን ጆንያ ላይ አስደግፈህ ወረቀት ላይ ተኩስ። የት እንደመታ ጻፍልኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ልጄ አለ ወይስ የለም። ጠመንጃው የእኔ ከሆነ እዚያ ደርሷል፣ ያየው ሰውም አለ ማለት ነው። አንዴ በስልክ ተታልለናል። ከዚያ ወዲህ በለጡ እህል ትነካለች እንጂ አትበላም። ልብሷ እላይዋ ላይ እየሰፋ ነው። ያለ ማስረጃ ሁለተኛ ተስፋ አልሰጣትም። ስለዚህ አደራህን አትቀልድብኝ።

ሀይለየሱስ


ባልባላ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሀይለየሱስ፣

ሴትዮዋ አለች! ዝገቱን ሳነሣላት እንደ ሙሽራ ብቅ አለች። ጠመንጃዋን ሽቅብ፣ ቀስቷ ከታች። ሐዲጃን ጠርቼ «እይ፣ ይቺ የጋሽ ሀይለየሱስ የድሮ ወዳጅ ናት» አልኳት። «ጋሽ ሀይለየሱስ ማነው?» አለችኝ። «ድሬዳዋ ያለ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው፣ በደብዳቤ ያክምልናል» አልኳት። አልዋሸሁም፣ አይደል?

ስለ ሁለተኛው ምልክት ግን እንዴት ብዬ ልንገርዎ። ወረቀቱን እየጨመደድኩ እየጣልኩ ጌቾ ተቆጥቶኛል።

ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት ማነጣጠሪያውን አቃንቼዋለሁ።

ሐዲጃን ላበሽቃት ነበር። የባልባላ ጓደኞቼን አርብ ዕለት ጠራሁና ከዚያ በፊት ካቻቢቴ ይዤ፣ በዓይኔ እየለካሁ ቀጥ አደረግሁት። ልጆቹ ያለችውን ሻምፖ፣ ያለውን ብስኩት፣ ትልቁን አሻንጉሊት ድብ ሳይቀር ጠራርገው ወሰዱ። ጥይቱ ደካማ ቢሆንም ጠጋ ብለው ይተኩሱ ነበር። እኔ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ሐዲጃ ግን አልጮኸችም። ጠመንጃውን አንሥታ ማነጣጠሪያውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ምን አደረግከው?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ለብስኩት ይሄን ያህል ይኮረፋል ወይ ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ግራ ሁለት ጣት ይሁን ወደ ቀኝ አንድ ክንድ የሚናገር ጠመንጃ የለም። ቀጥ ብሎ ይመታል፣ እንደ ሞኝ።

አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። ቀድሞ እኛ ሁላችን ስንስት ሐዲጃ ስታ አታውቅም ነበር። ፊኛውን አታይም፣ ፈንጠር አድርጋ ጎኑን ታልማለች፤ ጧ! «ወደ የት ነበር የምታልሚው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ወደ አንተ» አለችኝ።

ሌላ ምልክት ካለ ይንገሩኝ። ከውጭ ያለውን እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ከውስጥ ካለ ግን አልደረስኩበትም። አከፋፈቱን ካስረዱኝ እከፍተዋለሁ። እንደማይታመን አውቃለሁ፣ ግን በጥንቃቄ እከፍተዋለሁ።

እማማ በለጡን ሳም ያድርጉልኝ። የለም፣ ይተዉት፣ ስለ ጀንበሬ ወሬ ይነግሩኛል ብለው ይጠብቃሉ።

ሽብሩ


ባልባላ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሀይለየሱስና ለእማማ በለጡ፣

እንኳን ደስ አላችሁ! መጀመሪያ ይሄን ልበልና ወደ ታሪኩ ልሂድ።

ጋሼ፣ በመልስዎ እንዳዘዙኝ ነው ያደረግሁት። ሰደፉን ፈታሁ። ሞላው ሲለቀቅ ሰው እንደሚያሳውር ስለጻፉልኝ አፈሙዙን ግድግዳ አስደግፌ፣ የኋላውን መዝጊያ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጌቾ በሙሉ ክብደቱ እንዲጫነው አደረግሁ። የጌቾን ክብደት ያውቁታል፣ መኪናው ራሱ ሲወርድለት ያመሰግናል። እንዲያም ሆኖ ሞላው ገፍቶ አገጩን ነካው። ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባ ብቻ ጠጣ።

ፒስተኑን አወጣሁና ጀርባውን ጠረግሁት። በምስማር ጫርኳት ያሉኝ ፊደል አለች። «በ»! የእማማ በለጡ «በ»! ጋሼ፣ እርስዎም ለካ እንዲህ ነበሩ? እማማ፣ ይስሙ፤ ባልዎ ስምዎን ጠመንጃ ሆድ ውስጥ ደብቆ ስንት ዘመን ፊኛ አስተኩሷል። ድሬዳዋ ስመለስ ከዚራን እየዞርኩ አወራዋለሁ።

ስለዚህ ጠመንጃው የእናንተ ነው። አለቀ።

ጀንበሬም አለ! ሐዲጃ በመጨረሻ ነገረችኝ። ጠመንጃውን የሸጠላት እሱ ነው። ከዚያ በኦቦክ በኩል ተሻገረ። አሁን ሳዑዲ ነው፣ ጂዛን፣ ተራራው ላይ የአንድ ሀብታም ፍየል ይጠብቃል። አሠሪው ስልክ አይፈቅድም፣ እንጂ ይደውል ነበር። ከዚያ የተመለሰ ልጅ አይቶታል። ወፍሯል አሉ፤ ቦርጭ አውጥቷል፤ ፍየሎቹን ሲያባርር ቦርጩ ቀድሞት ይደርሳል አሉ። ይስቃል አሉ። እማማ፣ እንግዲህ እህል ይብሉ፤ ልጅዎ በቦርጭ ቀድሞዎታል።

ጋሼ፣ አሁን ለሙያው አንድ ጥያቄ። ያዘዙኝን የከብት እግር ዘይት እያዘጋጀሁ ነው። ሐዲጃ ደጅ ጣድኩት፣ ቀቀልኩት፣ የሰፈፈውን ቀዳሁት። እሷ ሽታውን አልወደደችውም፣ ወጥታ ተቀመጠች። የፒስተኑ ቆዳ ግን እንደጻፉልኝ ቡኒ አይደለም። ቀላ ያለ የግመል ቆዳ ነው። ጠርዙ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ ክብ ብሎ የወጣ ነው፣ ልክ እርስዎ ከዛፉ ሥር ሲፍቁ እንደማውቀው። ግን ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። በጣቴ ስነካው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ዘይቱ ውስጥ ልንከረው ወይስ አዲስ ልቁረጥለት?

በደስታ የሰከረው
ሽብሩ


ድሬዳዋ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሽብሩ

ደብዳቤህን ለበለጡ አነበብኩላት። እልል አለች። ጎረቤት መጣ። ዶሮ ታረደ። ቦርጩ ያለበትን ቦታ ደግመህ አንብብልኝ እያለችኝ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። በልታለች። በሳህን ሙሉ በልታ ጨመረች።

ስለ ቆዳው የጻፍከውን አላነበብኩላትም።

ሽብሩ፣ አንተ ልጅ ነህ፣ ምን እንደጻፍክልኝ አላወቅክም። የግመል ቆዳ እኔ ዘንድ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ እዚያ ነው የተቆረጠው። ጠርዙን በጠርሙስ የሚፍቅ ደግሞ ከእኔ የተማረ ሰው ነው። እንዲያ አድርጎ ቆዳ የቆረጠ ሰው ጠመንጃውን ወዲያው አይሸጥም። እዚያ ተቀምጧል፤ ቆዳ እስኪለውጥ ድረስ ቆይቷል ማለት ነው።

በእግር ዘይት የጠገበ ቆዳ በአንድ ዓመት አይደርቅም። በሁለትም አይደርቅ ይሆናል። እንደ ተረከዝ እስኪሰነጠቅ፣ እንደ ብስኩት እስኪፈረፈር ከደረሰ ብዙ ዘመን ያየው ሰው የለም ማለት ነው። ጀንበሬ ሰነፍ ነበር፣ ገንዘብ አይያዝለትም ነበር፣ ለእናቱ መልስ ይመልስ ነበር። ጠመንጃ ግን አያደርቅም። ከሄደም ለሚረከበው ሰው «በወር አንድ ጠብታ» ሳይል አይሄድም፤ ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ያን ያህል ጊዜ እንኳ አላገኘም።

ቆዳው ነግሮኛል። አንተ በቦርጭ ልትሸፍነው ሞከርክ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።

አሁን በሌላ ወረቀት ለብቻዬ ጻፍልኝ። በምን ሞተ? አጠገቡ ማን ነበር? ማን አጠበው? የት ነው ያለው? በሕይወት ሳለ አንዲት መስመር ያልጻፈልንስ ለምንድን ነው?

ስለ ቆዳው፣ አትንከረው። የሞተ ቆዳ ዘይት አይጠጣም። አዲስ ቁረጥ።

ሀይለየሱስ


ባልባላ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሀይለየሱስ፣

ስለ ጌቾ አገጭ ልጀምር ነበር። ተውኩት።

የከብቱን እግር የጣድኩ ዕለት ሐዲጃ ከገበያ ተመለሰች። ገና ከበሩ ሽታው ሲመታት ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። ሽንኩርቱ መንገድ ለመንገድ ተንከባለለ። እኔ ልትመታኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። እሷ ግን ምድጃው አጠገብ አፈር ላይ ተቀመጠች።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

«ሽማግሌው፣ ጠጋኙ።»

«ባሌ ነበር እንዲህ የሚያደርገው። በግመል እግር። ጎረቤቱ ሁሉ ሽታው ገደለን እያለ ይጣላን ነበር።»

ጋሼ፣ ባልም እንዳላት አላውቅም ነበር። ዓብዱረዛቅ እያለች ጠራችው፤ ጀንበሬ ነው፣ ሲሰልም የወጣለት ስም ነው። ከድሬዳዋ የመጣ ነበር አለች። አማርኛዋም ከእሱ ነው፣ ከሹፌር አይደለም። ማነጣጠሪያውንም ያስተማራት እሱ ነው። እኔ ለቀልድ ያቃናሁት የእሱን እጅ ነበር። ገበያ ገዛሁት ያለችን የአገሩ ሰዎች መጥተው ይወስዱብኛል ብላ ፈርታ ነው፤ ሌላ የምትበላበት የላትም።

ለጥያቄዎ፦

ትኩሳት ነው። የዚህ አገር ሙቀት ሲብስ፣ ነፋሱ አሸዋ ሲነፋ፣ ብዙ ሰው ጣለ። እሱ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያወርድ ውሎ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አፉ ተያዘ። አጠገቡ እሷ ነበረች። ያጠቡት የሰፈሩ ወንዶች ናቸው፣ በእስልምና ደንብ። መቃብሩ እዚሁ ባልባላ፣ ከመንገዱ በላይ ነው። ሄጄ አየሁት። ድንጋይ ነው። ዙሪያው ድንጋይ ነው፤ ካላሳየችኝ አልለየውም ነበር። ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ያ ሌባ ደውሎ ወርቁን ሲያሸጣችሁ እሱ እዚያ ነበር።

የመጨረሻውን ልለፈው አስቤ ነበር። ግን ቆዳ አይቶ ሰው ከሚያውቅ ሽማግሌ ምን ይደበቃል?

ወላጆቼ ሞተዋል ብሏታል። መጀመሪያ አባቱ፣ ቀጥሎ እናቱ። ለዚህ ነው ማንም ያልጻፈላችሁ። ማን ይጻፍ? ለማን? «ለምን እንደዚያ ያለ ይመስልሻል?» አልኳት፣ የማላውቃችሁ መስዬ። «ሰው እንዲህ የሚለው መመለስ ሲያቅተው ነው» አለች። ትጠረጥር ይሆናል፤ እኔ ግን ጥርጣሬዋን እውነት እንዳላደርግባት ወሬውን ወደ ጠመንጃው መለስኩት። ጠመንጃውን ግን አንድ ቀን ሳይወለውል አይተኛም ነበር ብላለች። «አደራ ነው» ይል ነበር አለች።

እርስዎን አሁንም ጠመንጃ ጠጋኝ ብቻ እንደሆኑ ነው የምታውቀው። አባቱ እርስዎ እንደሆኑ ልንገራት? ሳልጠይቅዎ አፌን አልከፍትም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ቦርጩን ይቅር ይበሉኝ።

ሽብሩ


ድሬዳዋ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሽብሩ

አትንገራት። ባሏን እንዳመነችው ትኑር። ሞተዋል ካለ ሞተናል። ለእሷ እኛ እንሙት፣ ለበለጡ እሱ ይኑር። ከዚህ የተሻለ ማካፈል አላወቅሁም።

ጠመንጃውን ማንም አይወስድባትም። አዲሱን ቆዳ ስትቆርጥ ማሰሪያውን አታጥብቀው፣ ትንሽ ይተንፍስ። ማነጣጠሪያውን መልሰህ አጣምምላት። ወደ ግራ ሁለት ጣት፣ ወደ ታች አንድ ጣት።

ቅዳሜ ወደ ከዚራ ብቻዬን ወጥቼ ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ነበር። እንባ ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። ሰው «ዛሬ ፊኛ የለም ወይ?» እያለኝ አለፈ። ቤት ስገባ በለጡ እየዘፈነች ነበር። ብነግራት ነገ አትነሣም። ባልነግራት እኔ ከእሷ ጋር አንድ ትራስ ላይ እየዋሸሁ እሞታለሁ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

ስለዚህ ጻፍላት። እንደበፊቱ ጻፍ፣ እያሳቅክ። ጥያቄዎቿን ከታች ዘርዝሬልሃለሁ። ለእኔ የምትለው ካለ በሌላ ወረቀት አድርገው።

ጭኮ አዘጋጅታ በጌቾ ልካለች፣ ወደ ጂዛን የሚሻገር ሰው ሲገኝ እንድትልክለት። ላስቀራት አልቻልኩም።

ሀይለየሱስ


ባልባላ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

(ጮክ ተብሎ የሚነበበው)

እማማ በለጡ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ያው ነኝ፣ ቁመቴ አልጨመረም፣ አመሌም አልተሻሻለም።

ጥያቄዎችዎ ለጀንበሬ ደርሰውታል። መልሱም በአንድ ተመላሽ ልጅ በኩል መጥቷል። በተራ በተራ ልመልስልዎ፣ ጋሼ ሲያነቡ እንዳያጭበረብሩ ያዳምጡ።

ይጸልያል ወይ ላሉት፣ ይጸልያል። ፍየሎቹም ለምደው አብረውት ቀና ብለው ያያሉ አሉ።

ሚስት ልፈልግለት ወይ ላሉት፣ አይድከሙ። አግብቷል። ስሟ ሐዲጃ ይባላል፤ ከዚህኛዋ ባለ ጠመንጃዋ ጋር ስም ነው የተጋሩት። አይቆጡ፣ ጥሩ ሰው ናት። ቁጡ ናት፣ በጫማ ታባርራለች፣ ግን ያፈቅራታል። ፊኛ ስትተኩስ ስታ አታውቅም። እሱ ነው ያስተማራት። ሲታመም አጠገቡ አለች። ብቻውን አይደለም፣ እማማ። ይሄንን ይመኑኝ።

ፎቶ ላክልኝ ላሉት፣ አሠሪው ፎቶ አይወድም። ደግሞ ቦርጩ በአንድ ፎቶ አይገባም፣ ሁለት ማስነሣት አለበት።

መቼ ነው የሚመጣው ላሉት፣ ዘንድሮ አይችልም። መንገዱ ክፉ ሆኗል። መንገዱ ሲሻል እንጠይቀዋለን። እርስዎ ብቻ እየበሉ ይጠብቁት።

ጭኮው ደርሶታል። ጣቱን ላሰ አሉ።

የልጅዎ ጓደኛ
ሽብሩ


(ለጋሼ፣ ለብቻ)

ጋሼ፣ አዲሱን ቆዳ ገጠምኩት። ዘይቱን ጠጥቶ ለስልሷል። ጥይቱ አሁን ፊኛውን በስቶ ጣውላው ውስጥ ይቀረቀራል። ማነጣጠሪያውንም እንዳሉኝ መለስኩት። ሐዲጃ አንሥታ አንዴ ተኮሰች፣ ጎኑን አልማ። ፈነዳ። ጠመንጃውን ሳታወርደው ብዙ ቆመች፣ ሰዎቹ ተራቸውን እየጠበቁ። በኋላ «ለሽማግሌው ጻፍለት» አለችኝ። «የባሌ አባት በሕይወት ቢኖር እንደሱ ያለ ሰው ነበር የሚሆነው በለው።» ይኸው ጻፍኩልዎ። ይህን ለማስተላለፍ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አላገኘሁም።

እኔ ወደ የመን መሻገሩን ትቻለሁ። ወደ ድሬዳዋ መመለሱንም ትቻለሁ። ስመጣ እማማ በለጡ ዓይን ዓይኔን እያዩ ስለ ጂዛን ይጠይቁኛል፤ በወረቀት እንጂ በፊት ለፊት መዋሸት አልችልም። እዚሁ ሆኜ ብጽፍ ይሻላል።

ስለ ጭኮው እውነቱን ልንገርዎ። መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ይዤው ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ቅቤው በእጄ ላይ ይወርድ ጀመር። ፍየሎች መጡ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም ነበር። እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ በላሁት፣ ሁሉንም። ጋሼ፣ በጣም ይጣፍጥ ነበር።

እማማ በለጡ ሌላ እንደሚልኩ ጌቾ ነግሮኛል። ይላኩ። ጀንበሬ ቅቤውን ቀነስ አድርጊ ብሏል ይበሏቸው፤ የጂዛን ሙቀት ያቀልጠዋል።

ሽብሩ